መልስ፦ ቫን ባስተን ለምን በ28 ዓመቱ ከሜዳ ቀረ?
የኔዘርላንዱ አጥቂ ማርኮ ቫን ባስተን በ28 ዓመቱ ከሜዳ የጠፋው ለምን እንደሆነ ለጠየቅከው፣ ምክንያቱ የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ጉዳቱ የጀመረው ገና በኔዘርላንዱ ክለብ በአያክስ ሳለ፣ በ1986 መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የጣሊያኑን ክለብ ሚላንን በተቀላቀለበት የውድድር ዓመት በሴሪ ኣ (የጣሊያን አንደኛ ሊግ) 11 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። ያም ሆኖ በ1988ቱ የአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች ዋንጫ ለኔዘርላንድ 5 ጎል አግብቶ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። በፍጻሜው ሶቪየት ኅብረት ላይ ያገባትን ደጋግመህ እያት፤ የቡድን ጓደኛው ሙረን ከግራ ያሻገራትን ኳስ መሬት ሳትነካ፣ ከቀኝ መስመር በጣም ጠባብ ከሆነ ማዕዘን በሶቪየቱ ግብ ጠባቂ በዳሳዬቭ አናት ላይ አሳልፎ አስቆጠራት። በፍጻሜ ጨዋታ ከዚህች የበለጠች ጎል የለችም።

ቁርጭምጭሚቱ ግን በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናም አልዳነም። የመገጣጠሚያው ልም አጥንት ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ መዝለልና መታጠፍ ቀርቶ መራመድም ያማል። የመጨረሻ ጨዋታው በግንቦት 1993 ሙኒክ ላይ ከፈረንሳዩ ክለብ ማርሴይ ጋር የተደረገው የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ነበር። ሁለት ዓመት ለመመለስ ታግሎ በ1995 ኳስ ማቆሙን አሳወቀ።