ቀጥ ብሎ ለመቆም ጆሮ ምን አገባው?

ስለ ሚዛን የላካችኋቸው ጥያቄዎች ስለተቀራረቡ ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ዓይኔን ጨፍኜ ስቆም እወዛወዛለሁ። ጆሮዬን አሞኝ ይሆን?

መልስ፦ አይዞህ፣ ትንሽ መወዛወዝ ያለ ነው። ቆመን የምንውለው ዓይን፣ ከእግርና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው ስሜት፣ እንዲሁም የውስጥ ጆሮ ተጋግዘው ነው። ዓይንህን ስትጨፍን ሁለቱ ይቀራሉ። እግርን ገጥሞ፣ ዓይንን ጨፍኖ መቆም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሐኪም ስም የሮምበርግ ምርመራ ይባላል። እሱም ቢሆን በዋናነት የሚያጋልጠው ከእግር የሚመጣው ስሜት መጉደሉን ነው። በዚህ ብቻ ጆሮ ላይ መፍረድ ልክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የጆሮን ድርሻ ለብቻው እንዴት ያውቁታል?

መልስ፦ ሌሎቹን በማዳከም። ወፍራም ስፖንጅ ላይ ያቆሙሻል፤ ቁርጭምጭሚትሽ የሚልከው መረጃ የማያስተማምን ይሆናል። ከዚያ ዓይንሽን ጨፍኚ ይሉሻል። አሁን ዋናው ሸክም ጆሮ ላይ ወደቀ። የሁለቱም ጆሮዎቹ የሚዛን ክፍል የተጎዳ ሰው ጠንካራ ወለል ላይ ዓይኑን ገልጦ ደህና ይቆምና እዚህ ላይ ሲደርስ ግን ይወድቃል። እባክሽ ብቻሽን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው።

ጥያቄ፦ ከጆሮ ጀርባ ኤሌክትሪክ ይሰዳሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እኔም ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። ከሁለቱም ጆሮዎች ጀርባ ያለው አጥንት ላይ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁራጭ ይለጠፋል፣ አንዱ ኔጌቲቭ ሌላው ፖዘቲቭ፤ የሚላከው የኤሌክትሪክ ጅረት በጣም ትንሽ ነው፣ 1 ሚሊአምፒር አካባቢ። በኔጌቲቩ በኩል ያለው የሚዛን ነርቭ መልእክቱ ይጨምራል፣ በፖዘቲቩ በኩል ይቀንሳል። አንጎል ሰውነቴ ወደ ኔጌቲቩ እያዘነበለ ነው ብሎ ያምናል፣ ስለዚህ ለማስተካከል ሲል ሰውየውን ወደ ፖዘቲቩ ያዘነብለዋል። ማንም አልነካውም፣ ወለሉም አልተንቀሳቀሰም!

አሁን ደግሞ ያው ሰው አንገቱን ወደ ትከሻው ያዙር። ጅረቱ ሳይቀየር መወዛወዙ ከግራ ቀኝ ወደ ፊትና ኋላ ይሆናል፣ ምክንያቱም አንጎል ጆሮ የነገረውን የሚተረጉመው ጭንቅላት በሰውነት ላይ ወዴት እንደዞረ አይቶ ነው። ተደግፎ ከተቀመጠ ደግሞ የእግሩ ጡንቻ ያንን ምላሽ አይሰጥም፤ ሚዛን እየጠበቀ አይደለማ። ዓይኑን ገልጦ ጠንካራ ወለል ላይ ሲቆምም ምላሹ ያንሳል። ስለዚህ የጆሮ ድርሻ ይህን ያህል ነው ተብሎ አንድ ቁጥር አይቆረጥለትም፤ እንደ አቋማችን ከፍ ዝቅ ይላል።

ጥያቄ፦ እናቴ አልጋ ላይ ስትገላበጥ ቤቱ ይዞርባታል። ቆማ ግን ደህና ናት።

መልስ፦ ሐኪም ያረጋግጥላችሁ እንጂ፣ ይሄ ብዙ ጊዜ የውስጥ ጆሮ ጥቃቅን የካልሲየም ካርቦኔት ክሪስታሎች ከቦታቸው ወጥተው የጭንቅላትን መዞር የሚለዩት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ውስጥ ሲገቡ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ ጭንቅላቷን አዙሮ በፍጥነት አስተኝቶ የዓይኗን እንቅስቃሴ ያያል። ሕክምናውም ጭንቅላትን በቅደም ተከተል ማዞር ነው፣ ብዙዎች ቶሎ ይሻላቸዋል። ማዞሩ ከንግግር መኮላተፍ፣ ከፊት መጣመም ወይም መራመድ ከማቃት ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።