እናቴ ጾመኛ ናት፣ ልጄ ኑድል ይላል

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ከአንድ ጠረጴዛ የመጡ ይመስላሉ። ሰፈር ውስጥ ያለች ትንሽ የቻይና ምግብ ቤት፤ ከጓዳዋ የመጥበሻ ድምፅ የሚሰማባት፤ አያትም ወላጅም ልጅም አንድ ላይ የሚቀመጡባት። በቀጥታ ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራኝ ናት። ዓርብ ማታ ልጆቹ የቻይና ምግብ አማራቸው። እሷ ጾመኛ ናት፣ ዓሣም አትበላም። አትክልት በሩዝ ባዝላት ይበቃል? (ከሜሪላንድ)

አይበቃም እህቴ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብሮኮሊው ጾም ነው፣ ሶሱ ግን ላይሆን ይችላል። ቡናማው ወፍራም ሶስ ብዙ ጊዜ ኦይስተር ሶስ አለበት። ኦይስተር ደግሞ ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። የዶሮ መረቅ የሚጨምሩበትም አለ። የተጠበሰው ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለው። ቢጫው ኑድልም ብዙ ጊዜ በእንቁላል የተለወሰ ነው። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው፤ ማፖ ቶፉ የሚባለው ምግብ ግን ስሙ ያታልላል፤ በባህሉ የተፈጨ ሥጋ ይገባበታል። በደረቁ የተጠበሰው ፎሶሊያም እንደዚሁ።

ታዲያ ምን ትብላ? ነጭ ሩዝ፣ ቶፉና አትክልት በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በሶያ ሶስ ብቻ የተጠበሰ። ሜኑው ላይ «ቡድሃስ ዲላይት» የሚል ካለ እሱን ጠይቂ። መነሻው የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፤ ቻይናዎችም ከሥጋ የሚከለክል ሥርዓት አላቸው። ቢሆንም ስለ ሶሱ መጠየቅ አይቀርም። አስተናጋጁን «ቬጂቴሪያን» ብለሽ አትለፊው። በስም ዘርዝሪለት፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ኦይስተር ሶስ፣ እንቁላል፣ የዶሮ መረቅ አይግባበት በይው። መጥበሻው ታጥቦ እንዲሠራላትም ጠይቂ። የሚቻል ከሆነ ቤቱ ሳይጨናነቅ ቀድመሽ ደውዪ።

የእሷን ምግብ ደግሞ ከሁሉ በፊት እዘዢ። «ምንም አይደለም ልጄ፣ ሩዙ ይበቃኛል» ትልሻለች። አትስሚያት። ሌላው ሲበላ እናት ባዶ ሩዝ ይዛ ስትቀመጥ ማየት በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

እኛ ሐላል ብቻ ነው የምንበላው። በቻይና ምግብ ቤት ተስፋ አለን? (ከለንደን)

አላችሁ። ግን አንድ ነገር እወቁ፦ በቻይንኛ እንዲሁ «ሥጋ» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ማለት ነው። ስለዚህ አሳማ ለማይበላ ክርስቲያንም ጥያቄው ያው ነው። ቻይና ውስጥ ሁዪ የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ፤ የራሳቸው ወጥ ቤት አላቸው። የላንዡ የበሬ ሥጋ ኑድል የእነሱ ነው። ቤቱ ሐላል መሆኑን የሚገልጸው የቻይንኛ ቃል «ቺንግዠን» ይባላል። በዚያ ቃል ጠይቁ።

ምግብ ቤት የሚሠሩትን ዓይነት የበሬ ሥጋ በአትክልት ቤት ስሠራው ውሃ ይሆንብኛል። ምን አጠፋሁ? (ከአዲስ አበባ)

ጥፋቱ የእጅሽ አይደለም፣ የእሳቱ ነው። እነሱ የሚጠብሱበት ዎክ ታቹ ጎድጎድ ያለ ቀጭን ብረት ነው። ከሥሩ ያለው እሳት ከቤት ምድጃ ብዙ እጥፍ ይበረታል። ከሥጋው የሚወጣው ውሃ እዚያው ይተናል። የካንቶን ሰዎች ያንን የጭስ መዓዛ ያለው ጣዕም «ዎክ ሄይ» ይሉታል፤ የዎክ እስትንፋስ እንደማለት ነው። ቤት ውስጥ ግን ብዙ ሥጋ በአንዴ ሲገባ መጥበሻው ይቀዘቅዛል። ሥጋውም መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል። የእኛን ጥብስ በደንብ የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል።

ሥጋውን በስሱ፣ መስመሩን አቋርጠሽ ቁረጪው። በትንሽ ሶያ ሶስ፣ በአንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና በጥቂት ዘይት አሽተሽ ሩብ ሰዓት አቆዪው። ስታርቹ ሥጋውን ይሸፍነዋል፣ ለስላሳም ያደርገዋል። አትክልቱን ካጠብሽ በኋላ በደንብ አድርቂው። የመጥበሻው ውሃ አንዱ ምንጭ እሱ ነው። መጥበሻው በጣም ሲግል ዘይት ጨምሪና ሥጋውን በሁለት ዙር ጥበሺው። አውጪው። ከዚያ ካሮቱን፣ ቀጥሎ ብሮኮሊውን፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን። ሥጋውን መልሺ፣ ትንሽ ሶያ ሶስ አፍስሺበት፣ አንድ ደቂቃ፣ በቃ። ሁሉም ነገር ቀድሞ ተከትፎ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጥ። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላ ሽንኩርት መላጥ የለም።

አባቴ ደም ግፊት አለበት። የቻይና ምግብ ውስጥ ያለው ኤምኤስጂ የሚባለው ጣዕም ማጉያ ይጎዳዋል ይሉኛል። (ከዴንቨር)

እኔ ለአባትህ የምሰጋው ስለ ጨዉ ነው። ኤምኤስጂን ያገኘው ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናዬ ኢኬዳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ ከባሕር አረም ሾርባ። በአሜሪካ ፍራቻው የተስፋፋው በ1968 አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ ደብዳቤ በኋላ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ግን በጥቅሉ ደህና ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል። ወጥ ውስጥ የምንጨምረው የሾርባ ኩብም ብዙ ጊዜ አለው።

ሶያ ሶስ ግን በአንድ የሾርባ ማንኪያ 900 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 በታች ይላል። ሁለት ማንኪያ ብቻ ምን ያህል እንደሚወስድ አስበው። ሶሱ ለብቻው በሳህን እንዲመጣ ጠይቅ። በእንፋሎት የበሰለ ነገርም እዘዝለት። ሐኪሙ የነገረው መጠን ካለ ደግሞ ያ ይቀድማል።

ልጆቼ በቾፕስቲክ ይጫወታሉ። ነውር አለው? (ከቨርጂኒያ)

አንዱን ብቻ አስተምሪያቸው፦ ሩዝ ላይ ቀጥ አድርገው አይትከሉት። ለሙታን የሚተከለውን ዕጣን ይመስላል። ሹካ መጠየቅ ምንም ነውር የለውም። ምግቡን ደግሞ መሐል አድርጋችሁ ተካፈሉ እንጂ ለየብቻ አትዘዙ። ለእንግዳ ጥሩውን ቁራጭ አንስቶ ሳህኑ ላይ ማድረግ እዚያም ወግ ነው። ጉርሻ ለለመደ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

የተረፈውን ሩዝ ይዘን እንሂድ? (ከዚያው ከቨርጂኒያ)

አዎ፣ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ሩዝ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ አለ፤ ሩዙ ሲቀቀል የባክቴሪያው ዘር አይሞትም። ሩዙ ውጭ ካደረ የሚያመነጨው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። መኪና ውስጥ ረስታችሁት ካደረ ጣሉት።

አማቼ ሂሳብ አያስከፍሉኝም። እንዴት ልቅደማቸው? (ከሲያትል)

ቻይናዎችም በሂሳብ ይሻማሉ፣ አስተናጋጆቹ ለምደውታል። ምግቡ ሳያልቅ «እጄን ልታጠብ» ብለህ ተነሳና ካርድህን ባንኮኒው ላይ ስጥ።