145ቱን ሪሚክስ ልተወው ወይ?

ከኮምቦልቻ የላክኸውን ጥያቄ ሁለቴ አነበብኩት። የሒሳብ አያያዝ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነህ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ታጫውታለህ። ደሴ የሚገኝ አንድ ሆቴል ለሙከራ ጠርቶህ፣ ራስህ የሠራኸውን በደቂቃ 145 ምት የሚሄድ የቴክኖ (ፈጣን የኤሌክትሮኒክ ጭፈራ ሙዚቃ) ሪሚክስ ስታስገባ ጨፋሪው ወደየወንበሩ ተመለሰ። አሁን ሪሚክሱን ልተወው ወይ፣ ትምህርቱንስ ልተውና ዲጄነቱን ልያዝ ወይ ትለኛለህ።

አብሽር፣ ሪሚክሱን አትተወው። ሰዉን ያስቀመጠው ፍጥነቱ ሳይሆን በ128 ምት ከሚሄደው ዘፈን ወደ 145 በአንዴ መዝለልህ ነው። ልዩነቱ ከ13 በመቶ ይበልጣል። የብዙ ማጫወቻዎች የፍጥነት መቆጣጠሪያ በተለመደው አቀማመጡ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 በመቶ ነው የሚሄደው፤ ከዚያ በላይ ሲጎተት የዘፋኙ ድምፅ መበላሸቱ ያስታውቃል። ስለዚህ በመሃል በ132፣ በ136 እና በ140 የሚሄዱ ሦስት ዘፈኖች አስገባ። አንዱም እርምጃ 4 በመቶ አይሞላም፤ ጨፋሪው እግሩ እየፈጠነ መሆኑን ሳያስተውል 145 ላይ ይደርሳል።

እኔ ግን ለደሴ የምመርጥልህ ሌላውን መንገድ ነው። በደቂቃ 72 ምት የሚሄድ ዝግ ያለ ትዝታ ብታጫውት፣ እጥፉ 144 ነውና ከሪሚክስህ የሚለየው ከ1 በመቶ በታች ነው። ሰዉ ጋብ ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቴክኖውን ከሥር ቀስ አድርገህ ታስነሳለህ። ቴክኖ አብዛኛውን ጊዜ በ32 ምት ክፍል ክፍል ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አዲሱን የክፍሉ መጀመሪያ ላይ ልቀቀው። የሁለት ዘፈን ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ደግሞ አንድ ላይ አይጩህ፤ የአንዱን ስትከፍት የሌላውን በዚያው ቅጽበት ዝጋ።

ሌላም አለ፤ ይህን ከሆቴሉ ማንም የሚነግርህ አይመስለኝም። የሰርጋችን ችክችካ በስድስት ነው የሚቆጠር፣ አንዱ ምት በውስጡ ሦስት ይይዛል። የቴክኖው ምት በውስጡ አራት ይይዛል። ዋናዎቹ ምቶች ቢገጥሙልህም በመሃል ያሉት ይጋጫሉ፣ ጭፈራውም ይሰናከላል። ከበሮው እስኪያልፍ ድረስ የቴክኖውን ቀጭን የጸናጽል ድምፅ ቀንሰህ ወፍራሙን ምት ብቻ አስቀረው። ዜማም በዜማ ላይ አትደርብ፤ አንቺ ሆዬ እየተዘፈነ በሌላ ቅኝት የተሠራ ዜማ ከገባ የወሎ ጆሮ ወዲያው ይይዝሃል።

ወደ ኑሮው ስመጣ፣ ትምህርትህን ጨርስ። ይህን የምልህ ዲጄነትን አሳንሼ አይደለም። ወሎ ውስጥ የሰርግ ገቢ እንደ ወቅቱ ነው። ጥር ላይ ቅዳሜና እሁድ አይበቃህም፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የክርስቲያኑ ሰርግ ይቆማል፣ በረመዳን ደግሞ የሙስሊሙ። የሁለቱም ቤት ዲጄ ከሆንክ የሁለቱንም ጾም ቀድመህ አስልተህ መያዝ አለብህ፤ ይህን ስሌት ደግሞ ከአንተ የተሻለ የሚሠራው የለም። ቀብድ ሳትቀበል ቀን አትያዝ፤ ሰዓቱን፣ ዋጋውንና መሣሪያውን ማን እንደሚያመጣው በጽሑፍ አስፍር።

ሪሚክስህ ውስጥ የገባው የዘፋኝ ድምፅ ከሌላ ሰው አልበም የተወሰደ ከሆነ፣ ለሽያጭ ከማውጣትህ ወይም ኢንተርኔት ላይ ከመጫንህ በፊት የባለመብቶቹን ፈቃድ ጠይቅ። ግጥሙና ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳ ቀረጻው ባለቤት አለው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህንን ይጠብቃል። አገር ውስጥ ስም ማትረፍ የምትፈልግ ሰው ከዘፋኞች ጋር ተጣልተህ አትጀምር።

ሆቴሉ በሩን ዘግቶብህ ከሆነም ደውልና ሁለተኛ ሙከራ ጠይቅ። ቀጣሪ የሚፈልገው አባትየውንም ልጅየውንም አንድ ማታ ላይ ማስጨፈር የሚችለውን ነው፤ አንተ ደግሞ ሰርግ ላይ የምትሠራው ይህንኑ ነው። ከመሄድህ በፊት ከትዝታው እስከ 145ቱ ድረስ 40 ደቂቃ ሳታቋርጥ ቅዳና ቴክኖ ለማይወድ ዘመድህ አሰማው። ፊቱ የሚጠቁርበትን ደቂቃ ጻፍ፤ ከዚያ ደቂቃ ትንሽ ቀደም ብለህ ነው ማስተካከል የምትጀምረው።