ብርሃን ያልጠገበ ስክሪን

እህቴ፣ የጻፍሽልኝ ይህንን ነው፤ ቤት ውስጥ ያዘጋጀሽው ስክሪን (ቲሸርት ላይ ምስል የሚታተምበት፣ በፍሬም የተወጠረ ስስ ወንፊት ጨርቅ) ሲጀምር ደህና ያትማል፣ ከጥቂት ቲሸርት በኋላ ግን ከምስሉ ውጪ ነጠብጣብ መጣል ይጀምራል። በጥፍር ቀለም ብትደፍኚውም በሌላ በኩል ይበሳል። ምስሉን በውሃ ስታወጪ ደግሞ የስክሪኑ ውስጠኛ ፊት ያሙለጨልጭ ነበር።

እኔን የያዘኝ ይኸው ማሙለጭለጩ ነው። ጥፋቱ የአቧራ ቢሆን ቀዳዳዎቹ ከመጀመሪያው ቲሸርት ጀምሮ ይታዩ ነበር፤ የቅባት ቢሆን ኢሙልሽኑ፣ ማለትም ጨርቁ ላይ የሚቀባው በብርሃን የሚጠነክር ፈሳሽ፣ ገና ሲቀባ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሽ ነበር። ያንቺው ብርሃን ያልጠገበ ነው።

ኢሙልሽን የሚጠነክረው መብራቱ ከሚመታው ፊት ጀምሮ ወደ ውስጥ ነው። ፊልሙ (ምስሉ በጥቁር የታተመበት ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ) ያለበት የውጪው ፊት ቶሎ ይጠነክራል፤ ስኩዊጂ (ቀለሙን የሚገፋው የጎማ መጥረጊያ) የሚሄድበት የውስጡ ፊት ግን ብርሃኑ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። መብራቱን ቀድመሽ ካጠፋሽው ላዩ የበሰለ፣ ሥሩ ሊጥ የሆነ ዳቦ ይሆናል። ውሃ ሲያገኘው ሊጡ ታጥቦ ይሄድና ስስ ቆዳ ብቻ ይቀራል፤ እሱን ነው ስኩዊጂው እየተመላለሰ የሚበሳው። እርጥበቱ ያልወጣለት ኢሙልሽንም ያው ነው፤ ላዩ ሲነካ ደርቆ ውስጡ ውሃ ከያዘ ብርሃን ቢበዛለትም አይጠነክርም። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቬንቲሌተር አሳድሪው። የስክሪኑ ጨርቅ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ከነጩ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

መብራት የምታስመቺበትን ሰዓት በግምት አትያዢ። ስክሪኑን በጥቁር ካርቶን ሸፍነሽ በየ1 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ እየገለጥሽ 6 እርከን አውጪ። ስታጥቢው ውስጣቸው ከማያሙለጨልጩት እርከኖች መካከል ትንሹን ብርሃን ያገኘው ሰዓትሽን ይነግርሻል። ሁሉም ካሙለጨለጨ ክፍተቱን ወደ 2 ደቂቃ አሳድጊው።

ከዚያ በፊት ግን ጓንት! ኢሙልሽኑ የሚቀላቀለው ከዲክሮሜት (ኢሙልሽኑ ለብርሃን ምላሽ እንዲሰጥ ከሚያደርገው ኬሚካል) ጋር ከሆነ ካንሰር አምጪ ነው፤ በባዶ እጅ አትንኪው፣ ዱቄቱን አትተንፍሺው፣ ዕቃ በሚታጠብበት ገንዳም አትጠቢው።

የጥፍር ቀለሙ ነገር አናዶኛል። ማን እንደመከረሽ አላውቅም፣ ግን የኢሙልሽን ማንሺያ አይነካውም፤ ጨርቁ ላይ እንደተጣበቀ ይቀራል። በአሴቶን አስለቅቂው፣ እሳት ካለበት ርቀሽ። ርካሹ ኢሙልሽንም እንዲሁ ያናድደኛል፤ መቼ እንደተመረተ የማይናገር ጣሳ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ዲክሮሜት ከተቀላቀለበት በኋላማ ዕድሜው የሳምንታት ነው።

አሁን በእጅሽ ያለው ስክሪን ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ ይተርፋል። አድርቂውና የውስጡን ፊት ወደ ፀሐይ አዙረሽ አቆዪው። ከዚያ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ብሩሽ፣ ከውጪው ፊት፣ በራሱ በኢሙልሽኑ ድፈኚ፤ ሲደርቅ እንደገና ፀሐይ አስመቺው። ብሩሹን ስትይዢም ጓንቱ እጅሽ ላይ ይሁን፤ ሥራው ትንሽ ነው ብለሽ አታውልቂው።