ስምንት ወርና አሥራ አራት ወር፦ ሪኢንትሪ ፐርሚት ምኑን ያድናል?

ሰላም እህቴ። ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። በዲቪ መጥታችሁ ግሪን ካርድ የያዛችሁት በጃንዋሪ 2021 ነው። አንቺ እናትሽን ለማስታመም ሥራሽን ለቅቀሽ ሄድሽ፤ ከማርች እስከ ኖቬምበር 2023፣ ስምንት ወር አዲስ አበባ ቆየሽ። ባለቤትሽና ልጆቹ እዚሁ ቨርጂኒያ ነበሩ። በኋላ እሱ በተራው ቤት ለማሠራት ሪኢንትሪ ፐርሚት (ወደ አሜሪካ ተመልሶ መግቢያ ፈቃድ) አውጥቶ ሄደና 14 ወር ቆይቶ በጁን 2025 ተመለሰ። አሁን አምስት ዓመት ስለሞላችሁ ሁለታችሁም ለሲትዝንሺፕ ልታመለክቱ አስባችኋል። ሰው ደግሞ «አንቺ ስድስት ወር ስላለፈሽ አይሆንልሽም፣ እሱ ግን ፐርሚት ስለነበረው ችግር የለበትም» ብሎሻል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያንቺ በር ክፍት ነው። ለጊዜው የተዘጋው የእሱ ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። አባቴ ታሞ ደሴ ከስድስት ወር በላይ ቆይቼ ተመልሼ፣ ያ ጉዞ መዝገቤ ላይ እያለ አመልክቼ ዜግነት ያገኘሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዘመድም የቤተ ክርስቲያን ሰውም ፎርም ሲሞላ አብሬ እቀመጣለሁ። የምነግርሽ ከዚያ ያየሁትን ነው።

ሰዎቹ ሁለት ጥያቄ ነው የደባለቁብሽ። አንደኛው «ተመልሼ አሜሪካ መግባት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ለዜግነት የሚቆጠረው አምስት ዓመቴ ሳይቋረጥ ቀጥሏል ወይ?» የሚለው ነው። ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለት የተለያየ ዕቁብ እንደመጣል ቁጠሪው፤ የአንዱን መክፈልሽ የሌላውን ውዝፍ አያወርድልሽም። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ የቆየ ሰው ግሪን ካርዱን ብቻ ይዞ መግባት አይችልም። ፐርሚቱ ያንን ክፍተት እስከ ሁለት ዓመት ይሸፍናል። ባለቤትሽ ያለ ጣጣ የገባው በእሱ ነው። የዜግነቱን ቆጠራ ግን ፐርሚቱ አይነካውም።

የሕጉ መስመር ይህ ነው። አንድ ጉዞ ከስድስት ወር በታች ከሆነ ቆጠራው ይቀጥላል። ከስድስት ወር አልፎ አንድ ዓመት ካልሞላ «ተቋርጧል» ተብሎ ይገመታል። ግምት ስለሆነ በማስረጃ ይፈርሳል፤ የማስረዳቱ ሸክም ግን ያመልካቹ ነው። አንድ ዓመት ከሞላ ወይም ካለፈ በቃ፣ ተቋርጧል። ማስረጃም ልመናም አይመልሰውም። ወላጅ ሞቶ ነው፣ ኮቪድ ነበር፣ መንገድ ተዘግቶ ነው ቢባልም ያው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የመቀሌ በረራ ተቋርጦ እዚያ የቀሩ ግሪን ካርድ ያላቸው ወገኖች ነበሩ። እንዲህ ያለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ግሪን ካርዱን ለማትረፍ ይረዳል፤ በኤምባሲ የሚጠየቀው ኤስቢ-1 የሚባለው የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ ለዚህ ነው። የተቋረጠውን የዜግነት ቆጠራ ግን መልሶ አይቀጥለውም።

አንድ ጠባብ መውጫ አለ፤ ኤን-470 የሚባል ፎርም። ለአሜሪካ መንግሥት፣ በውጭ ንግድ ለተሰማራ የአሜሪካ ኩባንያ፣ እውቅና ላለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ወይም አሜሪካ አባል ለሆነችበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ለሚሠራ ሰው ነው። ለምሳሌ ግሪን ካርድ ከያዘ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ተቀጥሮ አዲስ አበባ የተመደበ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ቄሶችና ፓስተሮችም የራሳቸው አንቀጽ አላቸው። ቤት ለማሠራት የሄደ ሰው ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ባለቤትሽን አይመለከተውም።

በአካል የመገኘት መስፈርትም አለ፤ ከአምስቱ ዓመት ቢያንስ 30 ወር አሜሪካ ውስጥ መሆን። ሁለታችሁም ታልፉታላችሁ። የሄድሽበትና የተመለስሽበት ቀን ራሱ እዚህ እንደነበርሽ ይቆጠራል።

አሁን ወደ አንቺ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ለምን እንደሄደ ለማስረዳት ይዘጋጃል። የእናቱን የሐኪም ወረቀት፣ የለቅሶ ፎቶ፣ የሞት የምስክር ወረቀት ይዞ ይቀርባል። ኢንተርቪው የሚያደርግልሽ የኢሚግሬሽን ኦፊሰር ግን ከምክንያትሽ ይልቅ እዚህ ትተሽው የሄድሽውን ነው የሚመዝነው። ደንቡ በምሳሌነት የጠቀሳቸው አራት ነገሮች ናቸው፤ እዚህ የነበረሽን ሥራ አለመልቀቅሽ፣ የቅርብ ቤተሰብሽ እዚህ መቅረቱ፣ ቤትሽ እንዳለ ሆኖ በፈለግሽው ሰዓት የምትገቢበት መሆኑ፣ እዚያ ሥራ አለመቀጠርሽ። የእኔን ኢንተርቪው አስታውሳለሁ። የአባቴን የሕክምና ወረቀት አየት አድርጎ ወደ ጎን አኖረው። ከዚያ «በነዚያ ወራት የቤት ኪራዩን ማን ነበር የሚከፍለው?» ብሎ ጠየቀኝ። የሊዙን (የቤት ኪራዩን) ውልና የባንክ ስቴትመንቱን ሳሳየው ቆይታ ያደረገው እነሱ ላይ ነው።

ያንቺ ጠንካራ ጎን ባልሽና ልጆችሽ እዚህ መቅረታቸው ነው። በቃል ብቻ አትንገሪው፣ በወረቀት አሳዪው። ልጆቹ በነዚያ ወራት ትምህርት ቤት እንደነበሩ የሚገልጽ ደብዳቤ አውጪ። ስምሽ ያለበት ሊዝ፣ የመብራትና የስልክ ቢል፣ የመኪና ኢንሹራንስ፣ የጋራ ሒሳብ ካላችሁ ስቴትመንቱ። ደርሶ መልስ ትኬት ቆርጠሽ ከነበረና መመለሻውን ካራዘምሽው የዚያን ኢሜይል ፈልጊ፤ ለመመለስ አስበሽ እንደሄድሽ ያሳያል። እዚያ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አለመሥራትሽንም በግልጽ ጻፊ።

ደካማው ጎን ሥራሽን ለቅቀሽ መሄድሽ ነው። አትደብቂው። ወላጅ ለማስታመም ሕጉ ለአንዳንድ ሠራተኞች የሚሰጠው ያለ ክፍያ ፈቃድ ራሱ 12 ሳምንት ነው፤ ስምንት ወር የሚጠብቅ አሠሪ ብዙ አይገኝም። ስትመለሺ ምን ያህል ቶሎ ሥራ እንደጀመርሽ የቅጥር ደብዳቤና ፔይ ስተብ (የደመወዝ ወረቀት) አያይዢ። አራቱም ነጥቦች ካልተሟሉ ይወድቃል የሚል ሕግ የለም። የሚታየው አጠቃላይ ሁኔታው ነው።

የሐኪም ወረቀቱንም አትጣይው፤ ሌላውን ያጠናክራል። ግን ከማስገባትሽ በፊት ቀኑን እዪው። ያገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ቀን የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። አንቺ እዚያ የነበርሽበት ጊዜ ከ2015 አጋማሽ እስከ 2016 መጀመሪያ መሆኑ ነው። ኦፊሰሩ «ሚያዝያ 2015» የሚለውን እንደ ኤፕሪል 2015 ካነበበው፣ ወረቀቱ አሜሪካ ከመግባትሽ ከአምስት ዓመት በላይ በፊት የተጻፈ ይመስላል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ቀርቦ ግራ የተጋባ ሰው አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ አስተርጉሚው፤ ተርጓሚው ትርጉሙ ትክክልና ሙሉ መሆኑን፣ ቋንቋውንም እንደሚችል በፊርማው ያረጋግጥ። የአውሮፓውያኑ ቀን ከጎኑ ይጻፍ፣ አቆጣጠሩ የኢትዮጵያ መሆኑም በአንድ መስመር ይገለጽ።

ታክስ። በ2023 ያገኘሽው ጥቂት ቢሆንም እንደ ነዋሪ ፋይል አድርጋችሁ ከሆነ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የታክስ ፋይሉን ማረጋገጫ፣ አውጪ። ባልሽም እንዲሁ፤ እዚያ ሳለ ያገኘው ገቢ፣ የቤት ኪራይም ቢሆን፣ እዚህ መታወቅ አለበት። ግሪን ካርድ ይዞ «ነዋሪ አይደለሁም» ብሎ ፋይል ያደረገ ወይም በዚያ ሰበብ ጭራሽ ያላደረገ ሰው ነዋሪነቱን እንደተወ ሊገመትበት ይችላል። ይህ ከስምንት ወሩ የባሰ ራስ ምታት ነው።

የዜግነት ማመልከቻ ፎርሙ፣ ኤን-400፣ ጉዞሽን እንድትዘረዝሪ ይጠይቃል። ያንን ስምንት ወር አትደብቂው፣ አታሳንሺውም፤ መግቢያና መውጫሽ እነሱ ዘንድ ተመዝግቧል። ረጅም ጉዞ በማስረጃ ይታለፋል። በመሐላ የተነገረ ውሸት ግን ራሱን የቻለ መከልከያ ነው።

ማስረጃሽ አላሳመናቸውም እንበል። በ30 ቀን ውስጥ ኤን-336 በሚባል ፎርም ድጋሚ እንዲታይልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ካልሆነም ትጠብቂያለሽ፤ ከተመለስሽ 4 ዓመት ከ6 ወር ሲያልፍ፣ ማለትም ከሜይ 2028 በኋላ፣ ወደ ኋላ በሚታየው አምስት ዓመት ውስጥ የሚቀረው የዚያ ጉዞ ክፍል ከስድስት ወር ያንሳል። ያኔ ግምቱ የለም። እስከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ የሚሉሽ ሰዎች አሉ። በእኔ እይታ ቤተሰቡን እዚህ ጥሎ የሄደ ሰው ሁለት ዓመት የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። የሚከሰረው የማመልከቻው ክፍያ ነው፤ ከኤፕሪል 2024 በወጣው ታሪፍ በኦንላይን 710፣ በወረቀት 760 ዶላር። ትንሽ ገንዘብ አይደለም፣ አውቃለሁ። የፖሊስ ጉዳይ ወይም ሌላ የተወሳሰበ ነገር በመዝገብሽ ካለ ግን ቀድመሽ ጠበቃ አማክሪ፤ ማመልከቻው መላ ፋይልሽን ነው የሚያስከፍተው።

ባልሽ አሁን ካመለከተ ያንን ብር ወንዝ ውስጥ እንደ መጣል ነው፤ ውድቅ ይሆንበታል። ለእሱ ሕጉ የሚለው ከተመለሰ 4 ዓመት ከ1 ቀን በኋላ ማመልከት ይችላል ነው፤ ጁን 2029። በዚያ ቀን ካመለከተ ግን ወደ ኋላ በሚታየው አምስት ዓመት ውስጥ የ14 ወሩ ትልቁ ክፍል፣ አንድ ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን የቀረው፣ አሁንም አለ። ስለዚህ ያንቺን ዓይነት ማስረጃ ይዞ መቅረብ ይኖርበታል። እስከ ዲሴምበር 2029 ከታገሠ ይህ የማስረዳት ሸክም ይቀርለታል። ሌላም መንገድ አለው። አንቺ በ2026 ዜጋ ከሆንሽ፣ ዜጋ ከሆንሽ ሦስት ዓመት ሲሞላና አብራችሁ እየኖራችሁ ከሆነ፣ በሦስት ዓመቱ ደንብ ማመልከት ይችላል። ይህም 2029 ላይ ይውላል፤ ያ ጉዞም ከሚታየው ሦስት ዓመት ውጭ ይሆናል። ያንቺ ቶሎ ማለቅ ለእሱም የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለልጆቹ ደግሞ ይበልጣል። ከ18 ዓመት በታች ሆነው፣ ግሪን ካርድ ይዘው፣ አብረውሽ የሚኖሩ ከሆነ አንቺ በማልሽበት ቀን እነሱም በሕግ ዜጋ ይሆናሉ። ትልቁ ልጅ 18ኛ ዓመቱ እየተቃረበ ከሆነ መጠበቅ የሚባለውን ምክር ጭራሽ አትስሚ።

«በየአምስት ወሩ ሳምንት መጥተሽ ተመለሽ» የሚል ምክርም አስተያየቶቹ ውስጥ አይቻለሁ። ይህን ያህል ብልሃት አይምሰላችሁ። እያንዳንዱ ጉዞ ከስድስት ወር ቢያንስም ኦፊሰሩ ድምሩን አይቶ «እውነት የምትኖሪው የት ነው?» ማለት ይችላል። 30 ወሩም አይሞላም። አንዳንዱ ደግሞ ኤርፖርት ላይ ነው የሚያዘው። እዚያ «ግሪን ካርዴን ትቻለሁ» የሚል ፎርም፣ አይ-407፣ ቢሰጣችሁ የመፈረም ግዴታ የለባችሁም፤ ጉዳያችሁ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ማመልከቻውን ካስገባሽ በኋላም ቆጠራው አላለቀም፤ ነዋሪነትሽ እስከ መሐላው ቀን መቀጠል አለበት። እናትሽን ለማየት መሄድ ትችያለሽ፣ ግን አጭር ይሁን፣ የአሻራና የኢንተርቪው ቀጠሮ ደብዳቤም እንዳያልፍሽ ፖስታውን የሚከፍት ሰው ቤት ተዪ። አድራሻ ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ አሳውቂ። የሊዙ ውል በስምሽ ነው ወይስ በእሱ ብቻ? እሱን ንገሪኝና ምን እንደሚተካው እንነጋገራለን።