አንድ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ብዙ የዴንማርክኛ ፍቺ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? ነዋሪነቴ ፍኖተ ሰላም ነው። ታላቅ ወንድሜ የዴንማርክ ተወላጅ አግብቶ በዚያው አገር የሚኖር ሲሆን፣ የሚስቱ እናት ለመጪው ጥምቀት ከልጃቸው ጋር ወደ ጎጃም ሊመጡ አስበዋል። እኚህ እናት እንግሊዝኛ እምብዛም ስለማይሆንላቸው በገዛ ቋንቋቸው ደብዳቤ ልጽፍላቸው ተነሣሁ። ከአማርኛ ወደ ዴንማርክኛ የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ስላላገኘሁ ሐሳቤን በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ አስቀምጥና እያንዳንዱን ቃል ከእንግሊዝኛ ወደ ዴንማርክኛ ከሚተረጉመው እፈልጋለሁ። «ሲመጡ ግሽ ዓባይ ምንጩ ድረስ እንወስድዎታለን» ለማለት «ስፕሪንግ» የሚለውን አውጥቼ በመጀመሪያ የተቀመጠውን ፍቺ ብጽፍ፣ ወንድሜ ረቂቁን አይቶ «የዓባይን ወቅት ነው የምታሳያቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። «ልጅዎን በደንብ እናውቃታለን» ያልኩትም ተሰርዞ ተመለሰልኝ። ለአንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስትና አራት የዴንማርክኛ ቃል ሲደረደር ትክክለኛውን በምን ለይቼ ልምረጥ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ስናነብ የተረዳነው ነገር ቢኖር፣ ሐሳብዎ በአማርኛ ሳለ ምንም ብዥታ ያልነበረበት መሆኑን ነው። ብዥታው የመጣው በእንግሊዝኛ በኩል ሲያልፍ ነው። እርስዎ «ምንጭ» ሲሉ ከመሬት የሚፈልቅ ውኃ ማለትዎ ነው፤ «ስፕሪንግ» ግን ምንጭም ነው፣ ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣው የፈረንጆች ወቅትም ነው፣ በፍራሽ ውስጥ የሚገኘው ጥቅልል ሽቦም ነው፣ መዝለልም ነው። ዴንማርክኛ ለአራቱም የየራሳቸውን ቃል ሰጥቷል፤ ወቅቱን «ፎሮር»፣ ምንጩን «ኪለ»፣ ሽቦውን «ፍዬደር»፣ መዝለሉን «ስፕሬንገ» ይላል። (የዴንማርክኛ ቃላትን እዚህ የምንጽፈው በተቻለ መጠን እንደ አነጋገራቸው ነው፤ ፊደላቸውና ድምፃቸው ብዙ ጊዜ ስለማይገናኙ አጻጻፉን ከመዝገበ ቃላቱ ይገልብጡ።) መዝገበ ቃላት በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ሰው አዘውትሮ የሚፈልገውን ፍቺ እንጂ የእርስዎን ፍቺ አይደለም፤ ወንድምዎን ያሳቀው ይኸው ነው።

እንግዲህ ለምርጫው የምንመክረው መንገድ ከእንግሊዝኛው ቃል ሳይሆን ከአማርኛው ዓረፍተ ነገር መነሣትን ነው። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የጠቀለለውን አማርኛና ዴንማርክኛ ሳይመካከሩ በተመሳሳይ ቦታ ከፍለው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። «ራይት» ለእኛ ቀኝ፣ መብትና ትክክል ነው፤ ለዴንማርኮችም «ሆይረ»፣ «ሬት» እና «ሬግቲ» ነው። «ላይት» ለእኛ ብርሃንና ቀላል፣ ለእነርሱ «ሊስ» እና «ሌት» ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተው ግን የእርስዎው ምንጭ ነው፤ የዴንማርክ ጋዜጠኛ የዜናውን ምንጭ ለመጥቀስ ሲፈልግ የሚጠቀምበት ቃል ከመሬት ለሚፈልቀው ውኃ የሚጠቀምበት ያው «ኪለ» ነው፣ ልክ አማርኛ ለሰከላው ግሽ ዓባይም ለወሬውም «ምንጭ» እንደሚለው። በዚህ ጊዜ እንግሊዝኛው ሁለት ቃል ሲያስፈልገው እርስዎ በአንድ ቃል ይገላገላሉ። ነገርን ከነገር ለመጨመር፣ «ፎሮር»ን ጸደይ ብለው በሚተረጉሙበት ጊዜ አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረም እንዳያስቡ እናሳስባለን፤ የዴንማርክ ፎሮር የሚባለው በፈረንጆች አቆጣጠር ከማርች እስከ ሜይ ያለው ጊዜ ነው፣ በእኛም ዘንድ በባሕረ ሐሳብ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ቀን ነው።

«ልጅዎን እናውቃታለን» ወዳሉት እንመለስ። «ኖው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ዴንማርክኛ ለሦስት ይከፍለዋል። ነገሩን፣ ወሬውን፣ ሁኔታውን ማወቅ «ቪደ» ነው፤ ሰውን ወይም ስፍራን በትውውቅ ማወቅ «ኬነ» ነው፤ ቋንቋንና በትምህርት የተገኘ ችሎታን ማወቅ «ኩነ» ነው። አማርኛችን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን «አወቀ» ብሎ ስለሚያጠቃልላቸው ጥቂት ማሰብ ይጠይቃል። «ቡሬ የት እንዳለች አውቃለሁ» ሲሉ ከማወቁ በፊት ሙሉ ነገር፣ ማለትም «የት እንዳለች» የሚል አለ፤ ይህ «ቪደ» ነው። «ቡሬን አውቃታለሁ» ሲሉ ግን የሚታወቀው ራሱ ስፍራው ስለሆነ «ኬነ» ይሆናል። ስለዚህ የደብዳቤዎ ዓረፍተ ነገር የሚፈልገው «ኬነ»ን ነበር፤ በ«ቪደ» ስለጻፉት ነው ወንድምዎ የሰረዘብዎት። በሦስተኛው ላይ ደግሞ እንግሊዝኛን ጨርሶ መርሳት ይሻላል፤ እኛ «ዴንማርክኛ ትችያለሽ?» ብለን «መናገር» የሚለውን እንደምንተወው ሁሉ እነርሱም «ካን ዱ ዳንስክ?» ብለው ይተዉታል።

አማርኛ ሁልጊዜ ያድናል ማለታችን ግን አይደለም። «ቲንክ» በዴንማርክኛ «ቴንከ»፣ «ትሮ» እና «ሲነስ» ተብሎ ሲከፈል፣ ማሰብና ማሰላሰል የሆነውን «ቴንከ»ን በቀላሉ እንለየዋለን፤ ሁለቱ የቀሩት ግን በእኛ ዘንድ «ይመስለኛል» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ይገባሉ። ልዩነታቸው እንዲህ ነው። ጠላው ገና በጋን ሳለ፣ ማንም ሳይቀምሰው «ጥሩ የወጣለት ይመስለኛል» ቢሉ ግምት ነውና «ትሮ» ነው። ቀምሰው፣ በአፍዎ አጣጥመው «ጥሩ ነው ባይ ነኝ» ቢሉ ፍርድ ነውና «ሲነስ» ነው። የወንድምዎ አማት አንድ ዋንጫ ከጠጡ በኋላ በ«ትሮ» ከመለሱልዎ ጠላው በደንብ አልተቀመሰም ማለት ነው፤ በ«ሲነስ» የተነገረዎትን ምስጋና ግን ሳይጠራጠሩ ይቀበሉ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያላነሡት፣ ነገር ግን ከሁሉም አስቀድሞ የሚገጥምዎት ቃል «ዩ» ነው። እንግሊዝኛ ለአንዱም ለብዙውም፣ ለታናሹም ለታላቁም የሚለውን ይህን ቃል ዴንማርክኛ ለአንድ ሰው «ዱ»፣ ለብዙዎች «ኢ»፣ ለአክብሮት «ዲ» ብሎ ይለየዋል። ሁለቱ የኋለኞቹ በትልቁ ፊደል ካልተጻፉ ፍቺያቸው ይለወጣል፤ ትልቁ «ኢ» «እናንተ» ሲሆን ትንሹ «በ...ውስጥ» ይሆናል፣ ትልቁ «ዲ» «እርስዎ» ሲሆን ትንሹ «እነርሱ» ይሆናል። በእኛ ወግ የወንድም አማት አንቱ እንጂ አንቺ አይባሉም፤ ስለዚህ እጅዎ ወደ «ዲ» መሄዱ አይቀርም። እኛ ግን «ዱ» ብለው እንዲጽፉ እንመክራለን። በዛሬው የዴንማርክ አነጋገር «ዱ» ለመምህርም፣ ለሐኪምም፣ ለአዛውንትም የሚባል ስለሆነ ንቀት የለበትም፤ «ዲ» ለንጉሣዊው ቤተሰብና ለጥቂት እጅግ መደበኛ ደብዳቤዎች የቀረ በመሆኑ በቤተሰብ መካከል ቢጻፍ ከማክበር ይልቅ ማራቅ ይመስላል። አክብሮትዎን በሰላምታው ርዝመት ይግለጹት።

ዘመድ ሲጠሩም እንዲሁ ይጠንቀቁ። የእናት እህት «ሞስተር»፣ የአባት እህት «ፋስተር» ስለምትባል እንግሊዝኛውም ሆነ የእኛው «አክስት» አይበቃም። «አያቴ ሰላም ይሉዎታል» ለማለትም የእናትዎ እናት ከሆኑ «ሞርሞር»፣ የአባትዎ እናት ከሆኑ «ፋርሞር» ማለት ይገባል፤ መለየት ካልፈለጉ «ቤስተሞር» የሚለው ለሁለቱም ይሆናል።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ዴንማርክኛው ጠቅልሎ እንግሊዝኛውና አማርኛው የሚለዩት ማለታችን ነው። «ሌረ» መማርም ማስተማርም ነው፤ የሚማረው ሰው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ከተጠቀሰ ማስተማር፣ ካልተጠቀሰ መማር መሆኑ ይታወቃል። «ሎነ» መበደርም ማበደርም፣ መዋስም ማዋስም ነው፤ ከማን እንደተወሰደ ወይም ለማን እንደተሰጠ የሚያመለክተው ትንሽ ቃል ነው ነገሩን የሚለየው። ስለዚህ ቃሉን ብቻ ሳይሆን አብሮት ያለውን የምሳሌ ዓረፍተ ነገር ጭምር ይገልብጡ።

በዋሸራ ቅኔ ምድር ላደገ ሰው አንድ ቃል ሁለት ፍቺ መያዙ እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቅኔው ግን ኅብረ ቃሉን የሚመርጠው ሰሙም ወርቁም አብረው እንዲሰሙለት ነው፤ ተርጓሚ አንዱን ወስዶ ሌላውን መጣል ግዴታው ነው። መጣልዎን ለማረጋገጥ የመረጡትን የዴንማርክኛ ቃል መልሰው ከዴንማርክኛ ወደ እንግሊዝኛ በሚተረጉመው ክፍል ይፈልጉት። «ፎሮር»ን ፈልገው የወቅት ስም ብቻ ካገኙ ምንጭዎ እንደጠፋ ወዲያው ያውቃሉ። ሲፈልጉ ከቸገርዎት ደግሞ የዴንማርክኛ ፊደላት 29 ሲሆኑ፣ እንግሊዝኛ የሌለው ሦስቱ ከመጨረሻ እንደሚሰለፉ፣ ከ1948 እ.ኤ.አ. የአጻጻፍ ማሻሻያ በፊት የታተሙ መጻሕፍትም ስሞችን ሁሉ በትልቅ ፊደል እንደሚጀምሩ ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ እኔ በባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው የዴንማርክ እንግዶች ይዤ ነበር። በዴንማርክኛ በታተመው ፕሮግራማቸው ላይ ከዘጌው የጀልባ ጉዞ አጠገብ «3 ታይመር» የሚል ተጽፎ አየሁና ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ እንድናዘጋጅ የፈለጉ መሰለኝ። ቀጥሎም አንደኛው በእንግሊዝኛ «ሃፍ ስሪ እንገናኝ» ብሎኝ፣ በእንግሊዞቹ አነጋገር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው ብዬ ብሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁኝ ቆይተዋል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የማንም አይደለም፤ የ«ታይም» ነው። ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ለጊዜም፣ ለድግግሞሽም፣ ሰዓት ለመጠየቅም ያገለግላል። በዴንማርክኛ ጊዜ «ቲድ» ነው፤ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ የምንለው «ጋንግ» ነው፤ ስንት ሰዓት ነው ብለው ሲጠይቁ «ክሎከን» ይላሉ። ፊደሉ ከእንግሊዝኛው «ታይም» ጋር አንድ የሆነው የዴንማርክኛ ቃል «ቲመ» ተብሎ የሚነበብ ሲሆን ትርጉሙ የስድሳ ደቂቃ ሰዓት ነው፤ ሲበዛ «ቲመር» ይሆናል። ፕሮግራሙ ላይ ያዩት «ጉዞው 3 ሰዓት ይፈጃል» የሚል ነበር።

ሁለተኛው ጠንቀቅ የሚያሰኝ ነው። እንግሊዞች «ሃፍ ስሪ» ሲሉ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ያለውን ግማሽ ማለታቸው ነው፤ ይህም እኛ «ተኩል» የምንልበት መንገድ ስለሆነ ሳያስቡት ተቀበሉት። ዴንማርኮች «ሃል ትሬ» ሲሉ ግን ወደ ሦስት የሚሄደውን ግማሽ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ተኩልን ነው። እንግዳዎ የቋንቋውን ልማድ በእንግሊዝኛ ቃል አልብሶ ነገረዎት፤ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ስናስገባ በእኛ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ከዴንማርኮች ጋር ቀጠሮ ሲይዙ በቃል ከሚሰሙት ይልቅ 14:30 ተብሎ በቁጥር እንዲጻፍልዎት ይጠይቁ፤ በጽሑፍ የ24 ሰዓት አቆጣጠር የለመዱ ስለሆኑ ቅር አይላቸውም። በዚያውም የጣናን ዳር ሲያሳዩአቸው የሚፈልጉት ቃል «ብሬድ» ነው፤ የወንዝም የሐይቅም ዳር ይባልበታል፤ «ባንክ» ካሏቸው ገንዘብ መመንዘሪያ የሚወስዷቸው ይመስላቸዋል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ የምጽፍ ተማሪ ነኝ። መዝገበ ቃላቱ በየስሙ አጠገብ «ኤን» ወይም «ኤት» ይጽፋል። እንግሊዝኛው ስለሌለው ልተወው?

መልስ፦ እንዳትተወው። የስሙን ጾታ የሚያመለክት ከመሆኑም በላይ አንዳንድ ጊዜ ፍቺውን የሚለየው እርሱ ብቻ ነው። የእንግሊዝኛውን «ኪ» ብትፈልግ ለበር «ኖይለ»፣ ለኮምፒውተር ሰሌዳ «ታስት» የሚል ታገኛለህ። ነገር ግን «ኤን ኖይለ» ቁልፍ ሲሆን «ኤት ኖይለ» የክር ልቃቂት ነው። እንደዚሁ «ኤን ፊር» ጎረምሳ ወይም ሰውዬ ሲሆን «ኤት ፊር» በባሕር ዳርቻ ለመርከቦች የሚበራ የመብራት ማማ ነው። እንግሊዝኛው ከስሙ በፊት ለብቻው የሚያስቀምጠውን ቃል ዴንማርክኛ እንደ አማርኛ ከስሙ መጨረሻ ላይ ስለሚያጣብቀው፣ «ቁልፉ» ለማለት «ኖይለን»፣ «ልቃቂቱ» ለማለት «ኖይለት» ትላለህ፤ ጾታውን ሳትይዝ ይህን መጻፍ አትችልም።