የመጀመሪያው ዙር ላይ ተገኝ፣ በመጨረሻው ባቡር ግባ

ሴኡል የሚማር አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። ጥያቄውን አሳጥሬ ላስቀምጠው። የቋንቋ ዓመቱን ጨርሶ በማርች ወር ማስተርሱን ጀምሯል፤ ምሕንድስና ነው። የላብራቶሪ ጓደኞቹ አንዳንድ ማታ አብረው እራት ይወጣሉ። እሱ አይጠጣም፣ ጾመኛም ነው። ሁለት ጊዜ ቀረ። በሦስተኛው የጠራው ሰው የለም። አርብና ቅዳሜ ማታ ግን ከሌሎች የውጭ አገር ተማሪዎች ጋር ሆንግዴ ወደሚባለው የመዝናኛ ሰፈር ይወጣል፤ እዚያ ቀለል ይለዋል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ወርዷል። አሁን ደግሞ ሆንግዴ ያለ አንድ ባር ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እንዲሠራ ጠይቆታል። «ማታ መውጣት ጭራሽ ላቁም? ተመርቄ እዚሁ ሥራ መያዝ እፈልጋለሁ፣ ምን ይሻለኛል?» ይላል።

ወንድሜ፣ «በሦስተኛው አልጠሩኝም» ያልካት ላይ ስደርስ ሆዴን ባር ባር አለው። እኔም እዚያው ከተማ ነው የተማርኩት። ሁሉም ጃኬቱን አንስቶ ሲወጣ ብቻህን ኮምፒውተሩ ላይ አፍጥጠህ መቅረት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ግን ጠልተውህ አይመስለኝም። ሁለት ጊዜ «አልችልም» ያለን ሰው ደጋግሞ መጥራት ማስጨነቅ መስሏቸው ይሆናል። በሩ አልተዘጋም። አሁን ማንኳኳት ያለብህ ግን አንተ ነህ።

መውጣት አቁም አልልህም። ያመሸኸው የማይሆን ቦታ ነው። የምትፈለግበት ጠረጴዛ ላይ ጠፍተህ፣ ብዙም የማይጨምርልህ ቦታ ሌሊቱን ታነጋለህ።

የላብራቶሪውን እራት «ሁዌሺክ» እንደሚሉት ሰምተሃል። ዙር አለው። ኢልቻ እራቱ ነው፣ ኢቻ ቢራ ቤት፣ ሳምቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኖሬባንግ፣ ማለት ክፍል ተከራይቶ መዝፈን። ላንተ ቁም ነገሩ ያለው ኢልቻ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ተመርቀው ኩባንያ የገቡ ሶንቤዎች፣ ማለት በትምህርት ቀድመውህ የገቡ ታላላቆች፣ ብቅ ካሉም የሚመጡት ለእሱ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልህ፣ «እኛ ጋ ሰው እየፈለጉ ነው» ብሎ የሚነግርህ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ይበላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዙር ቢቀርብህ የሚያጎድልብህ ነገር የለም። የመጀመሪያው ሲያልቅ ተነሥተህ በአክብሮት ተሰናበት። ብዙ ኮሪያውያን ወጣቶችም ዛሬ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መጠጡ። መጀመሪያ ቀን በጣም ፈርቼ ነበር። ሶጁው፣ ማለት የኮሪያ አረቄው፣ ሲዞር «ሱል አን ማሾዮ» አልኩ፤ አልጠጣም ማለት ነው። አጠገቤ የነበረችው ሶንቤ «በሃይማኖት ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሳይዳ አዘዘችልኝ፣ እዚያ ለስላሳውን እንደዚያ ነው የሚሉት። በሶጁዋ ብርጭቆ ቀዳችልኝና ሁላችንም ብርጭቆ አጋጨን። አለቀ። ረጅም ማብራሪያ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አንተም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃሃል፤ ግን ፈገግ ብለህ በላት። ብርጭቆህን በሁለት እጅ ተቀበል። ለታላቅ ስትቀዳ በቀኝህ ቅዳ፣ ግራህን ከክንድህ ሥር አድርግ። ይህን እናትህ ቤት ለእንግዳ ስታደርገው ነው ያደግኸው፣ ማንም ሊያስተምርህ አያስፈልግም። ታናሽ ስለሆንክ ማንኪያና ቾፕስቲኩን አድል፣ ውሃ ቅዳ። የማይጠጣ ልጅ ባዶ ብርጭቆ ሲያይ ቶሎ የሚነሣ ከሆነ፣ እመነኝ፣ ሁሉም ይወደዋል።

ምግቡ ከመጠጡ ይከብዳል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሳምግዮፕሳል ነው፣ የአሳማ ሥጋ። ጠረጴዛው ላይ ደርሰህ ከምትቸገር አስቀድመህ ለአንዱ ሶንቤ በካካኦቶክ ጻፍለት። «አሳማ አልበላም፣ ረቡዕና አርብ ደግሞ ጾም ነኝ፣ ሐሙስ ቢሆንልን ደስ ይለኛል» በለው። ዶሮ ቤት መምረጥ ለእነሱም ከባድ አይደለም። በጾም ቀን ከሆነም ሂድ። ሩዝና የባቄላ ቡቃያ የሚጠፋበት ቤት የለም። ኪምቺው ግን ብዙ ጊዜ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ጨው ይገባበታል፣ ሾርባውም ከደረቅ ዓሣ ሊሠራ ይችላል፤ እንደ አጿጿምህ ጠይቅ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እስካሁን ስለማልረሳው። ሌላ ቀን የበሬ ሥጋ ቤት ነበርን። ያቺው ሶንቤ ሥጋውን በመቀስ ቆረጠች። በሰላጣ ቅጠል ላይ ነጭ ሽንኩርትና ሳምጃንግ የሚሉትን ማባያ ጨምራ ጠቀለለችውና ወደ አፌ ዘረጋችው። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ጉርሻ ነው እኮ! ቃሉን ነገርኳቸው፣ ሁሉም «ጉርሻ፣ ጉርሻ» እያሉ እርስ በርስ ተጎራረሱ። ከዚያ ቀን በኋላ ላብራቶሪው ውስጥ እንግዳ አልነበርኩም።

ሆንግዴን አልጠላብህም። የሆንጊክ ዩኒቨርሲቲ ሰፈር ነው፣ ወጣት የሞላበት፣ መንገድ ላይ የሚዘፈንበት፣ የሚጨፈርበት። አንዳንዴ መውጣት ያስፈልግሃል፤ ብቸኝነት ቀልድ አይደለም። ችግሩ እዚያ ሌሊቱን ሙሉ የምታወራው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። የቋንቋ ዓመቱን ለማለፍ በኮሪያኛ ቋንቋ ፈተናው፣ በቶፒክ፣ 3ኛ ደረጃ በቅቶህ ይሆናል። ለሥራ ግን 4ኛ ወይም 5ኛ የሚጠይቁ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፣ ቃለ መጠይቁም በኮሪያኛ ነው። በእንግሊዝኛ ካመሸኻቸው አርብና ቅዳሜዎች ግማሹን ኮሪያኛ ወደሚወራበት ብታዞራቸው በዓመት ውስጥ ልዩነቱን ራስህ ትሰማዋለህ። የዩኒቨርሲቲህ ዶንጋሪ፣ ማለት የተማሪዎች ክበብ፣ ጥሩ ነው። እግር ኳስ ይሁን ተራራ መውጣት የሚያስደስትህን ምረጥ።

ሰዓቱንም አስተካክል። ሜትሮው ወደ ሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ያቆማል፣ እንደገና የሚጀምረው 11 ተኩል ላይ ነው። የመጨረሻው ባቡር ካመለጠህ አምስት ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ነህ። ታክሲው ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጭማሪ አለው። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎችም ሌሊት በር ይዘጋሉ፣ ያረፈደውን ነጥብ ይቀንሱበታል። እናም ንጋት ላይ ትገባለህ፣ ቅዳሜ ተኝተህ ትውላለህ፣ ማታ ደግሞ ትወጣለህ። ሰኞ ጠዋት የላብራቶሪው ስብሰባ ላይ ዓይንህ ቀልቷል። ውጤትህን የበላው ይሄ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ስለዚህ ስልክህ ላይ ማንቂያ ሙላ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ሲል ተነሣ። ያመለጠህ ቀን ደግሞ በ«ኤን» ፊደል የሚጀምሩት የሌሊት አውቶቡሶች አሉ፣ ወደ ማደሪያህ የሚሄደውን ቁጥር አሁኑኑ ያዘው።

ባሩን ግን እንቢ በል። ይህን ስል አልጠራጠርም። የተማሪ ቪዛህ ዲ-2 ነው። በትርፍ ሰዓት ለመሥራት ከዩኒቨርሲቲህ ማረጋገጫ ይዘህ ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ማውጣት አለብህ። የተፈቀደልህ ሰዓትም ከቋንቋ ደረጃህ ጋር የተያያዘ ነው። በፈቃድ እንኳ ቢሆን የመዝናኛ መጠጥ ቤቶች ለተማሪ የተከለከሉ ናቸው። ያለ ፈቃድ ከተያዝክ ቅጣት አለው፣ ከአገር እስከ መውጣትም ያደርሳል። ደግሞ ስትመረቅ መጀመሪያ ወደ ሥራ ፈላጊ ቪዛ፣ ወደ ዲ-10፣ ሥራ ስታገኝ ደግሞ ወደ ኢ-7 መቀየርህ አይቀርም። ያኔ ፋይልህ ይገለጣል። ባለቤቱ «ችግር የለውም» ቢልህም ፋይሉ ያንተ ነው። ገንዘቡ ካስፈለገህ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የረዳት ሥራ እንዳለ ጠይቅ፣ ወይም ፈቃድ አውጥተህ ካፌ ሞክር።

ሳልረሳው፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ወዳጅ «ጫት ይዤላችሁ ልምጣ?» ካለ በፍጹም እሺ እንዳትል። እዚያ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚታየው፣ ወንጀል ነው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ሴፕቴምበር ላይ ትምህርት ሳይጀመር ጠሪው አንተ ሁን። ጀበና ካለህ ጀበና፣ ከሌለህ ድስት ይበቃል። ቡናህን ቁላና ላብራቶሪ ውስጥ አፍላላቸው፤ ማፍያ ቦታ ካልተፈቀደ ማደሪያህ አጠገብ ባለ መናፈሻ በፔርሙዝ ይዘህ ውጣ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ቹንቾን ውሰዳቸው። ከሴኡል በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾቻችን መታሰቢያ እዚያ አለ። አጠገቡ ከ1968 ጀምሮ የኢትዮጵያን ስም የያዘ ቡና ቤት አለ። ለምሳ ዳክጋልቢ ብሉ፣ የከተማዋ ዝነኛ የዶሮ ምግብ ነው፤ ሥጋውም የሚፈቀድልህ። አያቶቻችን ለምን እዚያ እንደሄዱ በኮሪያኛ ስታስረዳቸው ቃላት ይጎድሉሃል፣ እነሱ ይሞሉልሃል።

የወረዱብህን ኮርሶች ስምና ውጤት ጻፍልኝ። ፕሮፌሰርህ የሚያስተምሩት ከውስጡ ካለ ለይተህ ንገረኝ፤ ለእሱ ቀድመህ ቢሯቸው ሄደህ ማነጋገር ይኖርብሃል፣ ምን ብለህ እንደምትጀምርም አብረን እናዘጋጃለን።